ባለ መኪና ይውረድ

ጥቅምት 3

ለውድ አባዬ፣

አንተ ከሄድክ ወዲህ ጋራዡ ጭር አለ ብልህ ውሸት ነው። መዶሻው ያው ነው፣ የጎረቤታችን የጎማ ሻጩ ሬዲዮም ያው ነው። የጎደለው ያንተ ቁጣ ብቻ ነው። እንዴት ሰነበትክ? የወንድምጋሼ ቤት ተስማማህ? ጉልበትህስ ደረጃውን ለመደው? እኔ በጣም ደህና ነኝ። እጄን ብታየው ዘይት ያልነካው ቦታ አታገኝበትም፤ ሥራ አለ ማለት ነው።

ለጠየቅከኝ መልሱ፦ አዎ፣ ጎማ ሻጩ መጥቶ ነበር። ሜትር ይዞ ገባና ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ለካው። "እዚህ ጋ የጎማ መደርደሪያ፣ እዚያ ጋ ደግሞ ቢሮዬ" እያለ በጣቱ አሳየኝ። ከዚያ በቀይ ቀለም የጻፍከውን ማስጠንቀቂያ ጮክ ብሎ አነበበው፦ "ኮፈን ሲከፈት ባለ መኪና ይውረድ!" ሳቀና "ይቺን በነጭ ቀለም ድምጥማጧን እናጠፋታለን" አለኝ። አባዬ፣ ደሜ ፈላ። ሆኖም የተነጋገርነው ትዝ ሲለኝ ዋጥ አደረግኩት።

የተነጋገርነውን እንዳትረሳው ደግሜ ልጻፈው። ልትሄድ ስትል "የአዋላጇን ሰማያዊ መኪና ካዳንሻት ጋራዡ ያንቺ ነው። ካቃተሽ ግን ለጎረቤታችን እሸጠዋለሁ" ብለሃል። ጊዜው እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው። ወንድምጋሼ ምስክሬ ነው፣ ቆሞ ሰምቷል።

እንግዲህ ሰማያዊቷ ትናንት ተመልሳ መጣች። አዋላጇ ሲስተር መኪናዋን በሩ ላይ አቁመው "ልጄ፣ ያ ነገር አገረሸባት" አሉኝ። ያው ሚኒሞዋ ነው። መኪናዋ ቆማ፣ እግራቸው ከነዳጁ ላይ ተነሥቶ፣ ሞተሩ በራሱ ቀስ ብሎ መሥራት ሲገባው አንዴ ከፍ ይላል፣ አንዴ ዝቅ ይላል፣ ያንገራግራል። ሲብስበት ጭራሽ ይጠፋል። እኔ ፊት ግን እንዲህ ያለ ነገር አታደርግም። እንደ ልማዳችን ሲስተርን አስወረድኳቸው፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ረጅሙን ካቻቢቴህን አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ ሌላውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። እንደ ተኛ ሕፃን ነው የምትተነፍሰው።

አንተም ደጋግመህ ሞክረሃታል፣ አውቃለሁ። እስቲ ከየት ልጀምር? ስልክ ብታነሣልኝ እኮ ድምጿን በስልክ አሰማህ ነበር።

ልጅህ ብሎን


ጥቅምት 11

ለብሎኔ፣

ደብዳቤሽን አውቶቡስ ሹፌሩ ቤት ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ፖስታው ላይ የአውራ ጣትሽ የዘይት አሻራ ስላለ ከማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። እኔ ደህና ነኝ። አልጋው ብቻ ከመለስለሱ ብዛት ጠዋት ጠዋት ከውስጡ ጎትቶ የሚያወጣኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ስልኩን ነገር ተይኝ ብያለሁ። በስልክ የተወራ ነገር አየር ይበላዋል። ጻፊው። ድምፅን በቃል መጻፍ የቻለ መካኒክ በደንብ አዳምጦታል ማለት ነው። "ያንገራግራል" ብለሽ ጻፍሽልኝ። ምን ማለት ነው እሱ? ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል ወይስ እንደ ላላ ወንበር ይወዛወዛል? ሁለቱ የተለያየ በሽታ ናቸው።

ወንድምሽ ስለ ሐኪም ቤት የነገረሽን ደግሞ ሁሉንም አትመኚ። ለጉልበቴ ነው የሄድኩት። ልጅ ሆኖም ወሬ ማሞቅ ይወድ ነበር።

አሁን ወደ ሥራችን። ሰማያዊቷ አሮጌ ናት፣ ግን የተከበረች አሮጌ ናት፤ ዝም ብለሽ ሚኒሞዋን በካቻቢቴ ከፍ አድርገሽ እንዳትሸኛት። እሱ ቁስል ላይ ጨርቅ መጣል ነው። ካርቡራተሩን ፈትተሽ እጠቢው። ካንዴላዎቹን አውጥተሽ ቀለማቸውን እዪ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥተሽ በካርቡራተሩ ሥርና በየቱቦው መጋጠሚያ ላይ የሳሙና ውሃ ርጪ። አንድ ቦታ የማይፈለግ አየር እየሳበ ከሆነ ውሃው ሲደፍነው ድምፁ ይለወጣል። አዳምጪ፣ ደግመሽ አዳምጪ።

ሲስተርን በማስወረድሽ ደግ አድርገሻል። ባለ መኪና ከውስጥ ተቀምጦ እያወራ ሞተር ምን እንደሚል አይታወቅም። እኔ ያን ማስጠንቀቂያ ለጎማ ሻጭ መሳቂያ አልጻፍኩትም። በአካባቢው ያለ መካኒክ ሁሉ "ጆሮ" ብሎ የሰየመኝ፣ ታፔላችንም "ጆሮ ጋራዥ" የተባለው በዚያ ጸጥታ ነው።

አንቺስ፣ ደንበኛ ያለውን ሁሉ አጠገቤ ቆመሽ እንደ ጥሩንባ መድገምሽን ትተሻል? ካንቺ ጠባይ የሚያናድደኝ እሱ ብቻ ነበር።

አባትሽ ጆሮ


ጥቅምት 20

ለአባዬ፣

ብርድ እንደያዘው ሰው ነው። ሲስተርን ጠየቅኳቸው፤ "መሪውን የያዘ እጄ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል" አሉኝ። እኔ ግን ይህንንም ከሳቸው አፍ እንጂ ከሞተሩ አልሰማሁትም።

ያልከኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ካርቡራተሩ ታጥቦ አዲስ መስሏል። ካንዴላዎቹ ደህና ናቸው፣ ቡናማ ናቸው፣ አንተ የምትወደው ዓይነት። የሳሙናውን ውሃ ርጬ ርጬ ሞተሩ ገላውን ታጠበ እንጂ ድምፁ አልተለወጠም። ከዚያ መንገድ ላይ አወጣኋት። አንተ እንዳስተማርከን በቆምኩበት ሁሉ የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ እግሬን አሳረፍኩ፣ ጆሮዬን ጣልኩ። ምንም የለም። ፍሬኗ ትንሽ ይጠነክራል፣ እሱ ግን የአሮጌ መኪና ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። ደረቴን ነፍቼ "በሉ፣ ድናለች" ብዬ ለሲስተር አስረከብኳቸው።

በማግስቱ መጡ። አባዬ፣ ምን ይዋጠኝ! ጎማ ሻጩ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉን ያያል።

ሲስተር ያሉኝን ልብ ብለህ አንብበው፦ "ወደ ሥራ ስሄድ ነው የምትታመመው። ወደ ቤት ስመለስ ምንም አትል።" ጎማ ሻጩ ይህን ሲሰማ "መኪናዋም እንደኔ ሐኪም ቤት ትፈራለች" ብሎ አሳቀብኝ። እኔ ግን መንገዱን ሄጄ አየሁት። ከሐኪም ቤቱ በታች ዳገት አለ፣ ዳገቱ መሐል ደግሞ የትራፊክ መብራት አለ። ሲመለሱ የሚወርዱበት መንገድ መብራት የለውም። ስለዚህ ዳገት ላይ ስትቆም ቤንዚኑ አልደርስ ይላት ይሆናል ብዬ እዚያው ዳገት ላይ ወሰድኳት፣ የእጅ ፍሬኑን ጥርቅም አድርጌ ይዤ መብራቱ ደጋግሞ እስኪቀያየር ቆምኩ። አሁንም እንደ ተኛ ሕፃን።

ሐሙስ ዕለት በዚያ ዳገት ላይ የሆነውን ግን አሁን አልጽፍልህም። ደህና ቀን ሲመጣ እነግርሃለሁ። አንተ ብቻ ቀጥሎ ምን ልሞክር በለኝ።

ብሎን


ጥቅምት 27

ልጄ፣

ደብዳቤዬ ስላጠረች ይቅርታ አድርጊልኝ። "ቀጥሎ ምን ልሞክር" ላልሽው መልስ የለኝም።

ሰማያዊቷ እኔንም አሸንፋኛለች። ልሄድ በነበርኩበት ሳምንት ካቻቢቴውን ጆሮዬ ላይ ደግኜ ቆሜ ቆሜ አንዲት ነገር አልነገረችኝም። በዕድሜዬ እንዲህ የተሰወረችብኝ መኪና የለችም። ያን ቀን መሣሪያዬን ጠራርጌ ሳጥኑ ውስጥ ሳስቀምጥ አንቺ የደከመኝ መስሎሽ ሻይ አመጣሽልኝ። አልደከመኝም ነበር። አብቅቶልኛል ብዬ ነበር።

ሰማያዊቷን ላንቺ የተውኳት ምናልባት ብዬ ነው። እኔ ያጣሁትን አንቺ ታገኚ ይሆናል ብዬ ነው። ካንቺም ከተሰወረች ግን በከንቱ አልይዝሽም። "ጆሮ" የሚል ታፔላ ሥር ተመላሽ መኪና ሲቆም ማየት አልፈልግም፤ ጎማ ቢደረደርበት ይሻለኛል። ለጎረቤታችን እሺ በይው። አንቺ ባለ እጅ ነሽ፣ የትም ብትሄጂ ይሻሙብሻል።

በዚህ አትከራከሪኝ።

አባትሽ


ኅዳር 4

ለአባዬ፣ ለጤናህ እየተጨነቅኩ፣ በቁጣ፣

እሺ አላልኩትም። ሰውዬው እንደገና ሜትሩን ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ "የለካኸው አይበቃም ወይ?" አልኩት። ጊዜዬ ገና አላለቀም። ኅዳር መጨረሻ ብለሃል፣ ኅዳር መጨረሻ ነው። ኩሩ ነሽ ካልከኝ ደግሞ ይህን ጠባይ ገበያ ወጥቼ አልገዛሁትም፤ ከማን እንደወረስኩት አንተ ታውቃለህ።

ባለፈው ያቆየሁብህን ልንገርህ። ያን ሐሙስ ሲስተር ምጥ የያዛትን ጎረቤታቸውን ከኋላ አስተኝተው ወደ ሐኪም ቤት ሲወጡ መብራቱ ላይ ሞተሩ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። ቢያስነሡት እንቢ አለ። ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ጥሩንባውን ይነፋል። ሲስተር ቁልፉን ጣሉና ወደ ኋላ ወንበር ገቡ፣ እዚያው አዋለዷት። ሴት ልጅ ናት፣ እናቷም እሷም ደህና ናቸው። ሲስተር ይህን እየሳቁ ነው የነገሩኝ፣ ሻያቸውን ግን ሳይጠጡት አስቀመጡት። "ልጄ፣ ያቺኛዋ ቀላል ነበረች። ከባዷ ብትሆን ኖሮስ?" አሉኝ።

እንግዲህ እኒህን ሴትዮ አይኔን በጨው አጥቤ "ጋራዡን ሸጠነዋል፣ ሌላ መካኒክ ይፈልጉ" ልበላቸው? አልችልም። ሌላ መኪና የመግዛት አቅሙም የላቸውም፣ ይህቺኛዋንም ይወዷታል።

ስለዚህ አንተ የማትወደውን ነገር ላደርግ ነው። ምን እንደሆነ አልነግርህም። ከተሳካልኝ እጽፍልሃለሁ።

ደግሞ ወንድምጋሼ "የመኪና ቁልፍ ቀማነው" አለኝ። እውነት ነው? ለምን?

ብሎን


ኅዳር 9

አባዬ! አባዬ! አባዬ!

መጀመሪያ ተቀመጥ። ተቀመጥክ? አገኘሁት!

ያልኩህን የማትወደውን ነገር አደረግኩ። ሲስተር መጡ፣ እንደ ልማዳቸው ገና ሳላዛቸው ሊወርዱ በሩን ከፈቱ። "አይውረዱ" አልኳቸው። ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ። "አባትሽ ቢሰማ ይገድለናል" አሉኝ። እኔም ከጎናቸው ገብቼ ተቀመጥኩና "አሁን እኔ የለሁም፤ ወደ ሥራ እየሄዱ ነው፣ ዝም ብለው ይንዱ" አልኳቸው። ሄድን። ዳገቱ ላይ መብራቱ ያዘን። ሲስተር ቆሙ፣ ሰማያዊቷም ተንቀጠቀጠች! ከታች እስከ ላይ፣ ጥርሴ እስኪጋጭ! በደስታ ጮህኩ፤ ሲስተር እብድ ይዘው የሚሄዱ መሰላቸው።

ታዲያ ከፊት ያለውን ትቼ ታች አየሁ። እግራቸው ፍሬኑ ላይ ነው፣ ጥብቅ አድርገው ረግጠውታል። "እግርዎን ያንሡ" አልኳቸውና የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት። ጸጥ። የተኛው ሕፃን ተመልሶ መጣ። "አሁን ይርገጡ" አልኳቸው። ተንቀጠቀጠች። እያስነሣሁ እያስረገጥኩ ጥቂት ጊዜ ደጋገምነው። ከኋላችን ያለው ሹፌር ምን እንዳለን እዚህ አይጻፍም።

ጋራዥ ስንመለስ ሲስተር እየረገጡ እኔ ጭንቅላቴን ከመሪው ሥር ከተትኩ። ሽሽሽ የሚል ሰማሁ፣ ከፔዳሉ ጀርባ፣ ቀጭን ነው፣ የሻይ ማፍያ ገና መሞቅ ሲጀምር እንደሚያሰማው። ፍሬኑን የሚያግዘው ክቡ ሰርቮ ነው። ውስጡ ያለው ላስቲክ ተቀድዷል። ፍሬን ካልተረገጠ ቀዳዳው ተከድኖ ይቀመጣል፤ ሲረገጥ ይከፈትና ሞተሩ በዚያ በኩል የማይገባውን አየር ይስባል። ለማረጋገጥ ከሰርቮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ነቅዬ ደፈንኩትና አስረገጥኳቸው። ሞተሩ ንቅንቅ አላለም። ፍሬኑ ሲጠነክርባቸው ደግሞ "እግሬ አርጅቶ ነው" ብለው ለማንም አልተናገሩም። ማን ጠየቃቸው? ገና ከመድረሳቸው እናስወርዳቸዋለን።

ደህና ሰርቮ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ ፈልጌ አግኝቼ ገጥሜያለሁ። ዛሬ ሲስተር ሆን ብለው መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ሁለተኛ ዙር ጠብቀው ቆመው ነበር። "ፍሬኑም ለስልሶልኛል፣ እግሬ አላረጀም ማለት ነው" ብለው ሳሙኝ። ጎማ ሻጩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አንገቴን ቀና አድርጌ "ሜትርህን ለሌላ ቤት አቆየው" አልኩት። አባዬ፣ እንደ ዛሬ ኮርቼ አላውቅም።

አሁን ደግሞ ያልጠየቅከኝን ልጻፍ። እንዳትቀየመኝ።

ጆሮህ እንደማይሰማ አውቃለሁ። ድሮ ነው ያወቅኩት። ደንበኛ ያለውን አጠገብህ ቆሜ ጮኼ የምደግመው ለምን ይመስልሃል? ስትቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከተቆጣህ ቃሉ ደርሶሃል ማለት ነው። ስልክ የማታነሣውም አየር ስለሚበላው አይደለም። አንተ ካልነገርከኝ አላውቅም ብዬ ዝም አልኩ።

ግን አሁን ዝም ማለት አልችልም፣ ምክንያቱም አንተ ሰማያዊቷ ያሸነፈችህ ጆሮህ ስለከዳህ መስሎህ ነው መሣሪያህን ጠራርገህ የሄድከው። አይደለም አባዬ! የኔ ጆሮ ጤነኛ ነው። አንተ በቆምክበት ቆሜ፣ ባንተ ካቻቢቴ፣ ባንተ ጸጥታ፣ አንዲት ነገር አልሰማሁም። የሚሰማ ነገር አልነበረም! ባለ መኪናዋን አስወርደን፣ የእጅ ፍሬን ይዘን፣ ሕመሟን ከባለቤቷ ጋር አስወርደነው ነው የምናዳምጠው። በወጣትነት ጆሮህም ቢሆን አትሰማትም ነበር። ያን ሳምንት ምንም አልከዳህም።

ይህን ደብዳቤ ደግመህ አንብበው። እኔ ስጽፈው አልቅሻለሁ።

ልጅህ ብሎን


ኅዳር 9

ለብሎኔ፣

ስለ ቁልፉ ለጠየቅሽኝ፦ ማንም አልቀማኝም፣ በገዛ ፈቃዴ ነው የሰጠኋቸው። እሺ፣ ቀምተውኛል። ከኋላዬ ጥሩንባ ሲነፋ አልዞርክም ብለው ነው። መንገድ እየመረጥኩ ነበር፣ ለጥሩንባ ሁሉ አልዞርም። ለማንኛውም አሁን ወንድምሽ ሲነዳ እኔ ከጎኑ እንደ ዕቃ እጫናለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ ግን ለሌላ ነገር ነው፣ እጄም የሚቸኩለው ለዚያ ነው። የማትወደውን ላደርግ ነው ያልሽውን ለጊዜው አቁሚና ይህን አንብቢ።

የምነዳ ሰው በነበርኩ ጊዜ ዓይኔ መንገድ ላይ ነበር። አሁን ሥራ ስፈታ የማየው የወንድምሽን እግር ነው። ትናንት መብራት ያዘን፣ እሱ ፍሬኑን ረግጦ ቆመ። "የእጅ ፍሬን ያዝ እንጂ! እንዲህ ነው ያስተማርኩህ?" ብዬ ጮህኩበት። ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደኔ አዞረና ቃል በቃል እየለየ "አባዬ፣ በየመብራቱ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኛ ቤት ሰው ብቻ ነው! ሌላው ሁሉ ረግጦ ነው የሚቆመው" አለኝ።

እዚያው ጭንቅላቴን በሁለት እጄ ያዝኩ። አመመው ብሎ መኪናውን ጥግ አስያዘ። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያች ቅጽበት ጤነኛ ሆኜ አላውቅም!

እስቲ አስቢው ልጄ። እኔ የእጅ ፍሬን ይዤ ሞከርኳት። አንቺም እንደዚያው። ሲስተርን ደግሞ አስወርደናል። ከፊት ቆመን የምናዳምጣት መኪና ውስጧ እግር የለም። እሳቸው ዳገቱ ላይ ሲቆሙ እግራቸው የት ነው? እኔ አላየሁም፣ አንቺም አላየሽም። ግድግዳው ላይ የጻፍኩትን እንዳላየሽ እለፊው። ከጎናቸው ግቢና ተቀመጪ። እጅሽን ወለሉ ላይ አድርጊ፣ እግራቸውን እዪ። የፍሬኑን ሰርቮ እጠረጥራለሁ፣ ግን እኔ እዚህ ሆኜ አልምልም።

ይቺን ደብዳቤ ዛሬ በሚነሣው አውቶቡስ ሰጥቻለሁ። ለሹፌሩም "ከመንገድ ብትቀር እኔና አንተ ተጣላን" ብዬዋለሁ። ለጎማ ሻጩ እሺ ብለሽው ከሆነ እሺውን መልሺው!

አባትሽ ጆሮ


ኅዳር 12

ለአባዬ፣

ደብዳቤህ አሁን ደረሰኝ። ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ዘይቱ ላይ መቀመጤን ሳላውቅ ተቀመጥኩ። የኔና ያንተ ደብዳቤዎች መንገድ ላይ ተላልፈዋል። ሹፌሮቹ መሐል መንገድ ምሳ ቤት ተገናኝተው አንድ ገበታ ላይ በልተዋል፤ የኔና ያንተ ፖስታ ኪሳቸው ውስጥ ሆኖ።

ባንድ ነገር ግን አንስማማም። እኔ ነኝ የቀደምኩት። አንተ ጠርጥረሃል፣ እኔ ገጥሜያለሁ። ከፈለግክ ወንድምጋሼ ይፍረድ፤ የሚፈርደው ለኔ ነው።

ሲስተር ደብዳቤህን አነበብኩላቸው። "እዚያ ሆኖ እግሬን አየው?" አሉ።

መልስህን እየጠበቅኩ ነው። የዚያኛውን ደብዳቤ መልስ ማለቴ ነው።

ብሎን


ኅዳር 16

ይድረስ ለጆሮ፣

አትደንግጪ፣ ደብዳቤው አልተሳሳተም። ላንቺ ነው። ከፔዳል ጀርባ ያለውን ሽሽሽታ በገዛ ጆሮዋ ሰምታ፣ እንደ ሻይ ማፍያ ነው ብላ በቃል የጻፈችልኝ መካኒክ አንድ ናት። ስሙን ላንቺ ሰጥቻለሁ። ታፔላውን እንዳትነኪው፣ እንዳለ ይቆይ፤ ጋራዡም ያንቺ ነው። ለወንድምሽ ነግሬዋለሁ። "ድሮም የሷ ነው" አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

የቀደምሽው አንቺ ነሽ። ይህን ሁለተኛ አልጽፍም፣ ስለዚህ ደብዳቤውን አስቀምጪው።

ስለዚያኛው ደብዳቤ። ደግመህ አንብበው ብለሽኛል። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። ወንድምሽ ገብቶ ምን ሆነሃል ሲለኝ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነው አልኩት። እሱም ቤት ውስጥ አቧራ ከየት መጣ አላለኝም።

ልጄ፣ እኔ መስማቴ ሲቀንስ ሰው ሁሉ የሚያውቅብኝ መስሎኝ ነበር የምፈራው። የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ፣ አንቺ ደግሞ ጮኸሽ ሸፈንሽልኝ። ያን ጩኸት ነው ጠባይሽ ያናድደኛል ያልኩሽ! አባት እንዲህ ዓይነት ልጅ ካለው ከዚህ በላይ በምን ይኮራል? እኔ በሞተር ኮርቼ ኖሬያለሁ። አሁን የምኮራው ባንቺ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ አይወዳደሩም።

ጋራዡ ውስጥ ወንበሬን ከፊት አታስቀምጪልኝ። ከፊት መቆሙ ያንቺ ነው። እኔ ከውስጥ፣ ከመሪው ኋላ እቀመጣለሁ። ፍሬን እረግጣለሁ፣ ፍሪሲዮን እረግጣለሁ፣ ባለ መኪናው እንደሚያደርገው አደርጋለሁ። መንቀጥቀጡ በእግሬና በመቀመጫዬ ይገባኛል፤ እጄን በመስኮት አውጥቼ አሳይሻለሁ። ግድግዳው ላይ ያለውንም አታጥፊው፣ በነጭም እንዳታስነኪው። ከሥሩ ግን በዚያው ቀይ ቀለም "ከዚያም ተመልሶ ይግባ" ብለሽ ጨምሪበት። ጎማ ሻጩ ሲያነብ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ።

ለሲስተር ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ያቺ መብራት ላይ የተወለደችውን ልጅ ስታድግ እኔ ነኝ መንዳት የማስተምራት በያቸው፤ የእጅ ፍሬን መያዝን ግን እንደ ፈለገች።

ቅዳሜ በአውቶቡስ እነሣለሁ። የት ደረስክ ብለሽ ስልክ እንዳትደውዪልኝ። አየር አይበላውም። ጆሮዬ አይሰማም። መናኸሪያው በር ላይ ቁሚና እጅሽን ከፍ አድርገሽ አሳዪኝ፣ ከሩቅ አይሻለሁ።

አባትሽ